«ጠለፋ»፣ «ምንተፋ» እና «ሰርጎ ገብነት»፦ በመንግሥታት ለሚደገፉ የኮምፒዩተር ጥቃቶች የአማርኛ ስያሜ ስለ መምረጥ

1. የጉዳዩ መነሻ

አንድ አዲስ ነገር ወደ አንድ ኅብረተሰብ ሲገባ ወይ የውጭ ስሙን ይዞ ይገባል፤ ወይም ኅብረተሰቡ ከነባር ቃላቱ መርጦ ስም ያወጣለታል። ነገሩ ዕቃ ከሆነ የስሙ ጉዳይ እምብዛም አያሳስብም። የዕቃ ስም ቢሳሳት ዕቃው በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ ስሕተቱን ራሱ ያርመዋል። በዓይን የማይታይ አደጋ ግን ለብዙው ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ ነው። ስሙ ከተዛባ ሰው የሚጠነቀቀው ካልመጣበት ነገር ይሆናል፤ የመጣበትንም ሳያውቀው ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ በመንግሥታት የሚደገፉ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ወደ ንግድ ድርጅቶች፣ ወደ ባንኮች፣ ወደ ብዙኃን መገናኛዎችና ወደ መሥሪያ ቤቶች የኮምፒዩተር ሥርዓት በስውር የሚገቡበትን ድርጊት አማርኛ በምን በምን ቃላት እንደሚጠራው ነው። ድርጊቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያው የውኃ ሙሌት በተቃረበበት በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ከግብጽ የተነሣ ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ፣ «ሳይበር ሆረስ ግሩፕ»፣ «አኑቢስ ሀከር» እና «ሴኪዩሪቲ ባይ ፓስድ» የሚባሉ ቡድኖችን በስም ጠርቷል። ጉዳዩ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በመግለጫ ሲነገር ግን አንዱ ድርጊት «ጠለፋ»፣ «ምንተፋ»፣ «ሰርጎ መግባት»፣ «የሳይበር ጥቃት» እየተባለ ያለ ልዩነት ይጠራል። ተርጓሚውም ከእነዚህ መካከል ያገኘውን ያነሣል።

ስያሜ የሚፈተነው በተጠቃሚው ዘንድ ነው። ስለዚህ ከምሳሌዎቻችን አንዳንዶቹን ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማና ከአካባቢዋ ለመውሰድ መርጠናል። የዓሣ አጥማጁ መሣሪያና የጥንቱ ገዳም ማዕረግ በአንድ ሐይቅ ዳር የሚገናኙበት ስፍራ በመሆኑ፣ ለተነሣንበት ጉዳይ የሚረዳ የቃል ሀብት ይገኝበታል።

በሐይቅ ከተማ ለሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ ከባንኩ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ደረሰው እንበል፦ «ጠላፊዎች ወደ መረባችን ስለ ገቡ ደንበኞቻችን ጥንቃቄ እንድታደርጉ እናሳስባለን።» ነጋዴው ከዚህ ዐረፍተ ነገር ምን ይረዳል? ስልኩ እየተደመጠ ነው? ገንዘቡ ተወስዷል? ሰዎቹ ወጥተዋል ወይስ ገና አሉ? ከዚህም በላይ በሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ወደ መረብ የሚገባው ዓሣ ነው፤ መረብ ውስጥ የገባም ተይዟል። እንግዲህ ማስታወቂያው እንደ ቃሉ ከተነበበ የሚያበሥረው የጠላፊዎቹን መያዝ ነው። የቃላት ምርጫ ከንባብ ውበት አልፎ የሰውን ንብረት የሚነካበት ስፍራ ይህ ነው።

2. «ጠለፈ» የተሸከመው ብዛት

«ጠለፈ» ከአማርኛ ግሦች ሁሉ ሸክም ከበዛባቸው አንዱ ነው። ልብስ በክር ይጠለፋል፤ ከዚህም «ጥልፍ» የሚለው ስም ይወለዳል። ታጋይ ተጋጣሚውን በእግሩ ጠልፎ ይጥላል። ገበሬ ወንዝ ጠልፎ ወደ መስኖው ይመልሳል። ሴት ልጅ ያለ ፈቃዷ ለጋብቻ ትጠለፋለች፤ ይህም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። አውሮፕላን ይጠለፋል። የስልክ ንግግርም ይጠለፋል።

እነዚህ ሁሉ ፍቾች የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ። የሚጠለፈው ነገር በመንገድ ላይ ያለ፣ በመጓዝ ወይም በመፍሰስ ላይ የሚገኝ ነገር ነው፤ ጠላፊው ከመካከል ገብቶ አቅጣጫውን ያስለውጠዋል ወይም ለራሱ ያደርገዋል። ወንዙ፣ ልጅቱ፣ አውሮፕላኑና የስልኩ ድምፅ በዚህ አንድ ናቸው። የክሩ ጥልፍ እንኳ ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ መርፌው ክሩን እየመለሰ ያስኬደዋልና።

የኮምፒዩተር ወንጀልን ለመደንገግ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 958 ይህን ጠባይ ጠብቋል። አዋጁ በአንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን «ሕገወጥ ደራሽነት» ሲለው፣ በአንቀጽ 4 በመተላለፍ ላይ ያለን ዳታ ወይም የመገናኛ አገልግሎት መያዝን «ሕገወጥ ጠለፋ» ብሎታል። ስለዚህ በሕጉ ቋንቋ መግባትና መጥለፍ ሁለት የተለያዩ ወንጀሎች ናቸው። የጋዜጣው ቋንቋ ግን ሁለቱን በአንድ «ጠለፋ» ጠቅልሏል። አንድ ተርጓሚ የፍርድ ቤት ጽሑፍ ሲመልስ በጋዜጣው ልማድ ተመርቶ ለሁለቱም «ጠለፋ» ቢል፣ ተከሳሹን ባልተከሰሰበት አንቀጽ ሊያስቀምጠው ይችላል።

«ደራሽነት» የሚለው የሕጉ ቃል በበኩሉ ለጽንሰ ሐሳቡ ልክ ቢሆንም ከሕዝቡ ጆሮ ይርቃል። በተለመደው አነጋገር ደራሽ ማለት በችግር ጊዜ ለረድኤት የሚመጣ ሰው ነው፤ ወይም በድንገት የሚመጣ ጎርፍ ነው። የሐይቁ ነጋዴ «ሕገወጥ ደራሽ» ቢባል በሩን የደበደበበትን ሰው ያስብ ይሆናል እንጂ፣ ድምፁን አጥፍቶ የገባውን አያስብም። በመሆኑም ቃሉ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ቦታውን ይዞ እንዲቆይ፣ ለሕዝብ በሚጻፍ ማስታወቂያ ግን ሌላ ቃል እንዲተካው እናሳስባለን።

3. «መንታፊ» እና የጊዜ ጥያቄ

ሁለተኛው የተለመደ ቃል «መረጃ መንታፊ» ነው። መነተፈ ማለት በቅጽበት ነጥቆ መሮጥ ነው። የመንታፊ ጠባዩ ፍጥነቱ ነው፤ ተመንታፊውም ወዲያው ይጮሃል። ለአንዳንድ የኮምፒዩተር ወንጀል ይህ ቃል የተስማማ ነው። በመንግሥታት የሚደገፉት ግን በአብዛኛው በዚህ ጠባይ አይታወቁም።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ስለ አዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ያወጣውን ዘገባ እንመልከት። ሕንፃው የቻይና መንግሥት ስጦታ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀ ነው። እንደ ዘገባው፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ በየሌሊቱ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከኅብረቱ ኮምፒዩተሮች የሚወጣው መረጃ ሻንጋይ ወደሚገኙ ኮምፒዩተሮች ይተላለፍ ነበር። ቻይና ነገሩን በፍጹም ክዳለች፤ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበርም አስተባብለዋል። የዘገባው እውነትነት የተካደ መሆኑን እንደ ያዝን ለቋንቋው ጥያቄ ብቻ እናንሣው። አምስት ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ የሚፈጸም ድርጊት «ምንተፋ» ሊባል ይችላልን?

ሌላው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። ሶላርዊንድስ የተባለው ድርጅት ለደንበኞቹ በሚልከው የፕሮግራም ማሻሻያ ውስጥ ሰርጎ ገቦች የራሳቸውን ስውር ፕሮግራም አስገቡ። ማሻሻያው እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ጀምሮ ሲሠራጭ 18,000 ያህል ደንበኞች ተቀበሉት፤ ነገሩ የታወቀው ግን በዲሴምበር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በኋላ የሩሲያን የውጭ ስለላ ድርጅት ተጠያቂ አድርጓል፤ ሩሲያ አልተቀበለችውም። እዚህ ላይ በር የሰበረ ሰው የለም። ድርጅቶቹ በሩን ራሳቸው ከፍተው የታመነ ዕቃ አስገቡ፤ ሰርጎ ገቡም በዕቃው ውስጥ ተቀምጦ ለወራት አደፈጠ።

ለዚህ ዓይነቱ ድርጊት አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው። «ሰረገ» ውኃ ወደ ምድር ቀስ ብሎ ሲገባ የሚነገር ግሥ ነው። ከእርሱ የወጣው «ሰርጎ ገብ» በወታደር ቋንቋ ወሰን አልፎ፣ ሕዝብ መስሎ፣ በስውር የሚገባውን የጠላት ኃይል ሲያመለክት ኖሯል። ቃሉ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል፦ መግባቱ ስውር ነው፤ የገባው ወዲያው አይወጣም፤ ከበስተኋላውም የላከው አካል እንዳለ ያስጠረጥራል። በመንግሥት የሚደገፈውን የኮምፒዩተር ሰው ከተራው ሌባ የሚለዩት እነዚህ ሦስት ጠባዮች ናቸው። በተቃራኒውም መረጃው ቀስ በቀስ የሚወጣበትን መንገድ «ሾልኮ ወጣ»፣ «አሾለከ» የሚሉት ግሦች በትክክል ይገልጹታል። «ሰርጎ ገባ፣ አሾልኮ አወጣ» የሚለው ጥምረት ለጆሮ የቀለለ፣ ለትርጉምም የጠራ ነው።

4. መረብና መንጠቆ

«መረብ» ለኮምፒዩተሮች ትስስር ስም መሆኑ ሥር ሰዷል፤ «በይነ መረብ» እና «የኢንፎርሜሽን መረብ» የሚሉት ጥምር ቃላት ከመሥሪያ ቤት ስም ጭምር ገብተዋል። ይህን ለመንቀል የሚሞክር ሐሳብ የለንም። የምናሳስበው «መረብ» ብቻውን ሲቆም የአጥማጁ መረብ መሆኑን አለመርሳት ነው። ስለዚህ ለሕዝብ በሚጻፍ ጽሑፍ «የኮምፒዩተር ሥርዓት» ወይም «የመረጃ መረብ» ተብሎ ሙሉው እንዲጻፍ፣ «ወደ መረቡ ገቡ» የሚለው አነጋገርም እንዲቀር እንመክራለን።

የአጥማጁ ቋንቋ በሌላ በኩል ትልቅ ጥቅም ይሰጠናል። ሐሰተኛ መልእክት ልኮ ሰውን የይለፍ ቃሉን እንዲሰጥ ወይም ጎጂ ፕሮግራም እንዲከፍት ማድረግ በብዙ ቋንቋዎች ከዓሣ ማስገር ጋር የተያያዘ ስም አለው። አማርኛም «ማስገር» እና «ማጥመድ» የሚሉ ሁለት ግሦች አሉት። በሐይቅ ውኃ ላይ እንደሚታየው መረብ የሚጥል ሰው የሚመጣለትን ዓሣ ሁሉ ይሰበስባል፤ መንጠቆ የሚጥል ግን ምግቡን መርጦ አንዱን ዓሣ ይጠብቃል። ይህ ልዩነት በኮምፒዩተሩም ዓለም አለ። ተራው አጭበርባሪ አንድ መልእክት ለብዙ ሺህ ሰው ይበትናል። በመንግሥት የሚደገፈው የአንዱን ሰው ሥራ፣ ወዳጅና ፍላጎት አጥንቶ ለእርሱ ብቻ የተዘጋጀ ምግብ ያቀርባል። የመጀመሪያውን «ማስገር»፣ ሁለተኛውን «በመንጠቆ ማጥመድ» ብንላቸው ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች በሆኑ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተፈጸመው ሙከራ የመንጠቆ ምሳሌ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ዘገባ፣ የተላኩት ፋይሎች ሀኪንግ ቲም ከተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አስታውቋል። በጁላይ 2015 የዚያው ኩባንያ የውስጥ ደብዳቤዎች ሾልከው በወጡ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ አንዱ እንደ ነበር ታየ። ተርጓሚ ይህን ሲጽፍ ቃላቱን ለውጭ መንግሥት በሚጠቀምባቸው ልክ ለራሱም አገር መጠቀም ይገባዋል። ስያሜ እንደ ሚዛን ነው፤ ለገዢና ለሻጭ የተለያየ ሚዛን የሚይዝ ነጋዴ አይታመንም።

የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ጉዳይም ለእኛ ሙያ የተለየ ትምህርት አለው። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በ2018 ባቀረበው ክስ እንደ ተገለጸው፣ ሰርጎ ገቦቹ መጀመሪያ ለባንኩ ሠራተኞች የሥራ ማመልከቻ የሚመስሉ መልእክቶችን ልከው ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ባንኩ በኒውዮርክ ካስቀመጠው ገንዘብ 81 ሚሊዮን ዶላር አወጡ። ሊወስዱ የሞከሩት ከዚህ እጅግ የበለጠ ነበር። ከትእዛዞቹ አንዱ 20 ሚሊዮን ዶላር የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል «ፋንዴሽን» ተብሎ በመጻፉ አንድ አስተላላፊ ባንክ ተጠራጥሮ ጠየቀ፤ ገንዘቡም ተረፈ። ክሱ ድርጊቱን ከሰሜን ኮሪያ መንግሥት ጋር አያይዞታል፤ ሰሜን ኮሪያ ክዳለች። የሆሄ ሥርዓት ጥቅም ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አናገኝም።

5. «በመንግሥት የሚደገፍ» ማለት ምን ማለት ነው?

«በመንግሥት የሚደገፍ» የሚለው ሐረግ እጅግ የተለያዩ ግንኙነቶችን በአንድ ይሸፍናል። ሰርጎ ገቡ የመንግሥት ወታደር ሊሆን ይችላል፤ በውል የተቀጠረ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ መንግሥት ዐውቆ የሚያልፈው ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል፤ ለአገሬ ብሎ በገዛ ፈቃዱ የተነሣ ወጣትም ሊሆን ይችላል። የሰኔ 2012ቱ ጥቃት «ከግብጽ የተነሣ» መባሉና «በግብጽ መንግሥት የተደገፈ» መባሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ስፍራ ይናገራል፤ ሁለተኛው መንግሥትን ይከሳል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ማስረጃ ሳይይዝ የሚሻገር ተርጓሚ ከትርጉም አልፎ ከሳሽ ሆኗል።

አማርኛ ለዚህ በቂ መሣሪያ አለው። «በመንግሥት የታዘዘ»፣ «በመንግሥት የተቀጠረ»፣ «በመንግሥት የተደገፈ»፣ «በመንግሥት በቸልታ የታለፈ»፣ «ራሱን በመንግሥት ስም ያሰማራ» የሚሉት አምስት ደረጃዎች ናቸው። የተናጋሪውን እርግጠኝነት ደግሞ ግሡ ይሸከማል፦ «ተጠረጠረ»፣ «ተባለ»፣ «ተከሰሰ»፣ «ተፈረደበት»፣ «አመነ»። ተርጓሚው ከሁለቱ ዝርዝሮች አንድ አንድ ቃል መርጦ ሲያጣምር ምንጩ የሚለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያስቀምጣል።

የድርጊቱ ስፍራም አከራካሪ ነው። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ቤቱ ያለው ኮምፒዩተር በኢትዮጵያ መንግሥት ተሰልሏል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ክስ መሥርቶ ነበር። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ክሱን ሳይቀበል ቀርቷል፤ ምክንያቱም ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም የሚል ነበር። ታዲያ «ገባ» የሚለው ግሥ የሚፈጸመው ገቢው ባለበት ነው ወይስ በተገባበት? በተለመደው አማርኛ የሚገባ ሰው አካሉ ከተገባበት ስፍራ ይገኛል። የኮምፒዩተሩ ሰርጎ ገብ ግን ሳይነሣ ይገባል። ለሕግ ጽሑፍ «ከሩቅ ሆኖ ሰርጎ መግባት» የሚለው ሐረግ ቢረዝምም ክርክሩን ግልጽ ስለሚያደርግ እንመርጠዋለን።

6. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ከዚህ በላይ የተነተነውን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ስያሜዎች ከነብያኔያቸው እናቀርባለን።

ሀ. ሰርጎ መግባት፦ ያለ ፈቃድና በስውር ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት። ፈጻሚው ሰርጎ ገብ ይባላል።

ለ. ጠለፋ፦ በመተላለፍ ላይ ያለን መልእክት ወይም ዳታ ከመንገድ መያዝ። ከዚህ ውጭ ላለ ድርጊት ባይነገር ይመረጣል።

ሐ. ምንተፋ፦ መረጃን ወይም ገንዘብን በአንድ ጊዜና በፍጥነት መውሰድ።

መ. ማድፈጥ፦ ሰርጎ ገብ ከገባ በኋላ ሳይታወቅ የሚቆይበት ሁኔታ። የቆየበት ዘመን የማድፈጫ ጊዜ ይባላል።

ሠ. ማሾለክ፦ መረጃን ቀስ በቀስና በስውር ከሥርዓቱ ማውጣት።

ረ. ማስገር እና በመንጠቆ ማጥመድ፦ የመጀመሪያው ለብዙዎች በጅምላ የሚበተን፣ ሁለተኛው ለአንድ ለተመረጠ ሰው የሚዘጋጅ የማታለያ መልእክት።

ሰ. የጓሮ በር፦ ሰርጎ ገብ ተመልሶ ለመግባት የሚተወው ስውር መግቢያ።

ሸ. አውዳሚ ፕሮግራም፦ ዳታን መልሶ እንዳይገኝ አድርጎ የሚያጠፋ። ይህ ገንዘብ ተቀብሎ ከሚለቅ የማስለቀቂያ ፕሮግራም መለየት አለበት። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 በዩክሬን የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራም በኩል ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው አውዳሚ፣ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። ቀድሞ ከሚታወቀው «ፔትያ» ጋር ተምታቶ ስለ ነበር «ኖት ፔትያ» ማለትም «ፔትያ ያልሆነ» የሚል ስም ወጣለት። ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ብቻ ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደ ከሰረ ገምቷል። ስሙ በመልኩ ተመርቶ ቢቀር ኖሮ፣ የተጎዱት የማይመለስ ዳታ ለማስመለስ ገንዘብ መክፈል ነበረባቸው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው በተገኘ ነበር።

ቀ. ዐቃቤ መረብ፦ የአንድን ድርጅት የኮምፒዩተር ሥርዓት መግቢያና መውጫ የሚጠብቅ ባለሙያ። ይህ ስያሜ ማብራሪያ ይሻል። በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የታወቀ የትምህርት ማዕከል የሆነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበረው። ባለ ማዕረጉ በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን የነበረው ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው የንጉሡን ሰዓት ጠባቂ ነበር። «ዐቀበ» የሚለው የግእዝ ግሥ «ጠበቀ» ማለት ነው፤ በ«ዐቃቤ ሕግ» እና በ«ዐቃቤ ነዋይ» እስከ ዛሬ ሕያው ነው። ለዘበኛ የሚነገረው «ጠባቂ» ንብረትን ሲያመለክት፣ «ዐቃቤ» ማን፣ መቼ፣ በምን መብት እንደሚገባ የመወሰንን ኃላፊነት ይጨምራል። «መረብ» ብቻውን እንዳይቆም ያልነው እዚህ አይጣስም፤ «ዐቃቤ» ከፊቱ ሲቀድም የአጥማጁን ትርጉም ያርቀዋልና።

7. መደምደሚያ

የስያሜዎቹ ዋጋ በሥራ ላይ ሲውሉ ይታያል። በመግቢያው የጠቀስነው ማስታወቂያ በእነዚህ ቃላት እንደገና ቢጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሰርጎ ገቦች ከጥቅምት 5 ቀን ጀምሮ በባንካችን የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ አድፍጠው እንደ ነበር ደርሰንበታል። የደንበኞችን ስምና የስልክ ቁጥር አሾልከው አውጥተዋል፤ በሒሳብ ያለውን ገንዘብ አልነኩም። የተዉትን የጓሮ በር ዘግተናል። የላካቸው አካል ገና አልተረጋገጠም። የይለፍ ቃልዎን ዛሬውኑ ይለውጡ፤ በባንኩ ስም ለሚደውል ሰው አይንገሩ።» ማስታወቂያው ረዝሟል። ነገር ግን የሐይቁ ነጋዴ ምን እንደ ደረሰ፣ ምን እንዳልደረሰና ዛሬ ምን ማድረግ እንዳለበት ዐውቆ ይነሣል።

ስያሜ መንግሥታትን ከስለላ አያቆምም፤ የባንክንም በር አይዘጋም። ሆኖም ሰው የማይለየውን አደጋ መከላከል አይችልም፤ የሚለየውም ልዩ ልዩ ስም ሲኖረው ነው። የቋንቋ ሊቃውንት፣ ተርጓሚዎችና በሥራው ላይ ያሉ ባለሙያዎች እነዚህን ስያሜዎች በየጽሑፋቸው ፈትነው፣ የሚጠበቀውን እንዲያጸኑልን፣ የሚጣለውንም ከነምክንያቱ እንዲያሳዩን እንጠይቃለን። በተለይ «ዐቃቤ መረብ» እና «በመንጠቆ ማጥመድ» የሚሉት ከሕዝቡ አንደበት ገብተው እንደሚኖሩ ወይም ከወረቀት እንደማያልፉ የሚነግረን አገልግሎታቸው ብቻ ነው።